ብቻውን የቀረው የጅብ ጥላ

ልጄ ንፋስ መውጫ ትማራለች። ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ ስትመጣ፣ "እማ፣ የወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅሉትን ሁለቱን የጅብ ጥላዎች አሳዪኝ። እየጠፉ ነው፤ ልዩነታቸውን ጽፋችሁ ኑ ተብለናል" አለችኝ።

"አሳይሻለሁ፤ እንዳትነኪ ብቻ።"

"ጅቡ ራሱ ጥላውን እንዲህ አይፈራም" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን እህቴ ትዝ አለችኝ።

በደብራችን ቅጥር ውስጥ የወደቀ ዛፍ አይነካም ነበር። ወይራው በወደቀበት ይበሰብሳል፤ ክረምት ሲገባ ሁለቱ የጅብ ጥላዎች አንድ ግንድ ላይ ይወጣሉ። የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይገድላል። የሚበላው ከሌላው ነጣ፣ ሳሳም ይላል። እናቶቻችን አንዱን ብቻ ለቅመው አያውቁም። ሁለቱንም ቆርጠው መዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን ያያሉ፤ ከዚያ ገዳዩን ይጥላሉ።

እህቴ አንድ ክረምት፣ ጎተራችን ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ዝናብ አጣድፏት አንዱን ብቻ ይዛ መጣች። "ነጣ ያለው ነው" አለች። ከምን ነጣ እንዳለ የጠየቃት የለም። ቀድማ የበላችው እሷ ነበረች፤ ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት።

ከልጄ ጋር ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ቄሱን አገኘናቸው።

"አባ፣ ግንዶቹስ የት ደረሱ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ለሠራተኞቹ ማገዶ ሆኑ። ከጓሮ አንድ ቀርቷል። ምነው፣ የጅብ ጥላ ለፈረንጅ ልትጋብዙ ነው?"

ከግንዱ ላይ የወጣው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሳችና፣ "ይኼ የትኛው ነው?" አለች።

የእህቴን ገዳይ የትም ባየው የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ነጣ ያለ መሰለኝ። ግን ከምን? አጠገቡ የማስተያየው የለም። ደግሜ ሳየው ጠቆር አለብኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"ገዳዩ ጠፍቶ ከሆነስ? ደግ አይደል?"

"የጠፋው እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

ስልኳን ይዛ ግንዱ ሥር ጎንበስ አለች። ቤት ስንገባ እጇን በአመድ አስታጠብኳት።

"አልነካሁትም እኮ፣ እማ።"

ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ስንቀርብ እሷ ትጎርሳለች፤ እኔ ጣቶቿን አያለሁ። ጥፍሯ ሥር ጥቁር አፈር ነበር።