በአጎቴ ስም የተሞላው ዕቃ

ባለፈው ሳምንት ለስኳር ክትትል ጅማ ክሊኒክ ሄጄ፣ ነርሷ የሽንት ዕቃውን ስትሰጠኝ «የራስህን ነው፣ እሺ?» አለችኝ። ለሁሉም ሰው የምትለው ነው ወይስ የአጋሮ ወሬ እዚህ ደርሷል? ተናደድኩ። እኔ መናደድ ድሮም አይቸግረኝም።

ያ ወሬ ሲጀመር ሃያ አልሞላኝም። ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ አጋሮ የአጎቴን የአባ ራያን ባጃጅ እነዳ ነበር። በቀበሌው ስብሰባ፣ በትራፊኩ፣ በጭቃው፣ በሁሉም እናደዳለሁ። ከሁሉም በላይ በገዛ ጉሮሮዬ። ውሃ አይበቃኝ፣ ማንጎ አይበቃኝ፣ ሱሪዬን ደግሞ በገመድ ነው የማስረው። አጎቴ «ጫቱ ነው የጨረሰህ» ይሉኛል፣ እሳቸው ራሳቸው እየቃሙ።

በዛ ክረምት ከጅማ አንዲት ዶክተር መጣች። የስኳር በሽታ ነው የምታጠናው፤ ግን ቦርጫም ሀብታም አይደለም የምትፈልገው። ቀጫጭን የገጠር ወጣቶችን ለምን እንደሚይዝ ነው ማወቅ የፈለገችው። በየገጠሩ የማመላልሳት እኔ ነኝ። በየኩርባው ባጃጁን አቁሜ የቡናው ዛፍ ውስጥ ገብቼ እሸናለሁ፤ እሷ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ቶሎ በል እንጂ! ቀጫጭኖቹ ያመልጡናል» ትለኛለች።

ለማነጻጸሪያ የከተማ ሽማግሌም ስላስፈለጋት ቤት መጥታ ለአጎቴ የሽንት ዕቃ ሰጠቻቸው። እንግዳ እምቢ አይባልምና በፈገግታ ተቀበሉ። እሷ ስትወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የኔ ሽንት ሴት ልጅ እጅ ላይ? አስተግፊሩላህ!»

«ለምርምር እኮ ነው፣ አባ ራያ።»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እንደሆንክ ስትሸና ነው የምትውለው። ሙላው!»

ሞላሁት። ስማቸው ተለጠፈበት።

ከሰዓት ዶክተሯ እየሮጠች መጣች። አጎቴ ዳቦ በማር እየበሉ ነበር፤ ዳቦውን ከእጃቸው ነጠቀቻቸው።

«በዚህ ሁሉ ስኳር እንዴት ቆመው ይሄዳሉ?»

ጣታቸውን ወግታ በስኳር መለኪያ መሳሪያዋ ለካች። ደህና ነው። ደገመች። ደህና ነው። «መሳሪያው ተበላሽቷል። እስቲ ጣትህን አምጣ፣ እንሞክረው» አለችኝ።

«እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ መሞከሪያ ነኝ?» እያልኩ ስጮህ ወጋችኝ። መሳሪያው ቁጥር አቃተው፤ ከልክ በላይ የሚል ምልክት ብቻ አወጣ።

«ይኸው፣ ተበላሽቷል አላልኩም?» አለች። የራሷን ወጋች። ደህና። የኔን ደገመች። ያው ምልክት። ከዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሱሪዬን፣ ገመዱን። አጎቴ ማሩን ወደ ራሳቸው እየሳቡ «ወላሂ፣ የሽንቱ ባለቤት እሱ ነው» አሉ።

ዶክተሯ በሩ አጠገብ የነበረ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «አንተን ፍለጋ ስንት ዳገት ወጣሁ!»

«ያወጣሁዎት እኮ እኔ ነኝ!»

የዛኑ ዕለት በሚኒባስ ጅማ ወሰደችኝ። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ተባልኩ። አጎቴ መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ጫት የሚል ቃል አልወጣቸውም።

ይኸው እስከዛሬ በመርፌ እኖራለሁ። ዶክተሯ ስንት ቀን ከኋላዬ ተቀምጣ ማጅራቴን ስታይ አላየችኝም፤ ሹፌር ማን ያያል? አሁን ትልቅ ተመራማሪ ሆናለች። አዲስ መንደር ስትገባ መጀመሪያ የምትወጋው ሹፌሩን ነው አሉ። እኔን ግን ያተረፈኝ የአጎቴ እፍረት ነው፣ ይሄም ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። አባ ራያ ናቸው። አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ግን ገና ነው።

«ያ ጉርባ፣ ሽንቴ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ጠብቅልኝ። በስሜ ነው ያለው።»