ከቀበሮዋ ጉድጓድ እስከ ጓሳው

እንዳለው ከአሸተን ማርያም በላይ ባለው ደጋ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነው። አገሬው ያምነዋል፤ ዓይኑ ያላየውን አፉ አይናገርምና። ከአንገቱ የማይለየው አቅርቦ ማሳያ መነጽር ውስጡ ጥቃቅን መስመሮች አሉት። አንድ ሜትር የሚረዝም ነገር በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ልክ ከሞላ፣ ሺህ ሜትር ርቆ ቆሟል ማለት ነው። ሁለት ክፍተት ከሞላ ርቀቱ በግማሽ ያንሳል።

በታኅሣሥ፣ ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር ለአጨዳ በሚከፈትበት ቀን፣ ቀይ ቀበሮ ከማዶው ተረተር ወልዳ ተገኘች። በመንደሩ ደንብ፣ ቡችሎች ካሉበት ጉድጓድ አምስት መቶ ሜትር ሳይርቁ ማጨድ ክልክል ነው። ተጠግቶ ቢለካ እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ትሸሻለች። ስለዚህ እንዳለው ከጓሳው ዳር ቆሞ በመነጽሩ ማስላት ነበረበት።

እትዬ ሸጌ ማጭዳቸውን ይዘው ከጎኑ ቆሙ። የቤታቸው ክዳን ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ ዘንድሮ ጓሳ ካላገኙ ሦስተኛውን እንደማይችለው ሁሉም ያውቃል።

ያለወቅቱ ካፊያ ይጥል ነበር። ጉድጓዱ አጠገብ ባለው፣ ቀበሮዋ አላፊ አግዳሚ በለመደችበት የእግር መንገድ መንገደኛ ብቅ አለ። እንዳለው ቶሎ ብሎ በመስመሮቹ ለካው፤ አራት ክፍተት ሞላ። የሰው ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ ብሎ ለአራት ሲያካፍለው፣ አራት መቶ ሃያ አምስት ሜትር ሆነ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ።

ሸጌ አልተከራከሩም። «መነጽሩ የሚያፈስ ቤት የለው፤ አይፈረድበትም» ብለው ማጭዳቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ።

መንገደኛው ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ ጎረቤታቸው አዝመራው ነው፤ ገሳውን ከራሱ አላወረደም። ከሣር የተሠራው የዝናብ መከላከያ ጫፉ ከአናቱ በላይ ክንድ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ሾሏል። እንዳለው ቀና ብሎ ጫፉን አየ። ለካስ የለካው ሰውዬውን ከነገሳው ኖሯል፤ ያ ደግሞ ርቀቱን አሳንሶበታል።

«ገሳህን እዚህ ተውና ተመልሰህ እዚያው ቁም» አለው።

«በዚህ ካፊያ? ለቀበሮ ስትል እኔን በብርድ ልትጨርሰኝ ነው?»

«ሂድ አንተ፣» አሉት ሸጌ፣ «ብትሞት በጓሳ እንከድንሃለን።»

አዝመራው እያጉረመረመ ወረደ። ባዶ ራሱን ሲቆም ሦስት ክፍተት ሞልቶ አራተኛውን በጥቂቱ ብቻ ነካ። እንዳለው ደግሞ ለካ፤ ደግሞ አሰላ። ከአምስት መቶ ሜትር ያልፋል። መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«ይበቃል፣ እትዬ። ከዚህ ድንጋይ ወደ ማዶ አይለፉ እንጂ፣ ይጨዱ።»

ሸጌ ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያውን እፍኝ ጓሳ ጨብጠው ሲያጭዱ፣ አዝመራው ገና ማዶ ቆሞ፣ ልምጣ ወይ እያለ እጁን ያወዛውዝ ነበር።