ሳልተረጉመው የዋጥኩት የመዲና ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አልሰማውም፤ እናቴ ሳትሰማው ሞተች፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶችም ዛሬ ጠዋት ሻይ ሲያቀብሉኝ ምን ዓይነት ሰው አጠገባቸው እንደተቀመጠች አያውቁም ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ወንጀሉን ለአላህ እንጂ ለሰው አይዘረዝርም። የኔ ግን የሰው ሐቅ አለበት። የሰው ሐቅ ደግሞ ተበዳዩ ራሱ ይቅር ብሎ አውፍ ካላለ እንደማይነሳ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። የበደልኳትን ሴት ፈልጌ አጣኋት። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ። እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ካዘናችሁልኝ ነገሩን በደንብ አልነገርኳችሁም ማለት ነው።

ስሜ ሂቦ ነው። ሐርጌሳ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ። ወላጆቼ በጦርነቱ ጊዜ አዝለውኝ ተሰደዱ፤ ስንመለስ ሃያ ዓመት አልፎኝ ስለነበር ሶማልኛዬ ሰው ያስቅ ነበር። የአክስቶቼ ልጆች እስከ ዛሬ «ሐበሻዋ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ያ የሚያስቀልድብኝ አማርኛ ግን ሥራ አስገኘልኝ። መሐመድ ሞጌ በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ግቢ አለ፤ ከባል ዱላ ያመለጡ ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበት ነው። ከኢትዮጵያ መጥተው ሶማልኛ ለማይሆንላቸው ሴቶች አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ።

የግቢው አሠራር እንዲህ ነው። አንዲት ሴት መጀመሪያ ጥቂት ሳምንታት ታርፋለች። ከዚያ ኃላፊያችን ኒማ ኢንተርቪው ታደርጋታለች። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ሁለተኛ ቤት ትዛወራለች፤ እዚያ አንድ ዓመት ትቀመጣለች፣ ሙያ ትማራለች፣ ልጇም ትምህርት ቤት ትገባለች። አደጋው ያን ያህል ካልሆነ ግን ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ባል ምሎ፣ ሴትየዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኒማ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ፋይሉ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ ሴትየዋ ያለችው ሳይሆን እኔ ያልኩት ነው።

መዲና የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች። ሼክ ኑር በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ፣ በቆርቆሮና በጨርቅ በተሠራች አንድ ክፍል፣ ከባሏ ከሸምሱና ከስድስት ዓመቷ ልጇ ከሀያት ጋር ትኖር ነበር። ግቢያችን የገባች ቀን ሁለት የማይገጥም ጫማ ነበር የተጫማችው፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የሸምሱ። ሀያት እግሯን እያየች ትስቅባት ነበር። መዲናም ከልጇ ጋር ሳቀች፤ ስትስቅ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ። አየሁ እላችኋለሁ። አላየሁም ብዬ እንዳልዋሽ አሁኑኑ ልናገረው።

ሸምሱን አውቀዋለሁ። ሐርጌሳ ያሉ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ሁሉ ያውቁታል። ወገን የሌለው ሰው ሲሞት ጀናዛውን የሚያጥበው፣ የሚከፍነው እሱ ነበር፤ ለዚህ ሥራው ከማንም ምንም አይቀበልም። አባቴ ሲሞት ዘመዶቻችን ገጠር ነበሩ፤ ገላው ደግሞ በረጅም ሕመም ቆስሎ ማንም ሊነካው የማይደፍረው ሆኖ ነበር። ሸምሱ መጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብሎ አጠበው። እናቴ እስክትሞት ድረስ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግለት ነበር። ሚስቱን የሚያንቅ ሰው እንዲህ ያለ እጅ ይኖረዋል? እኔን የገደለኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀላል ነበር፤ ይኖረዋል።

ከኢንተርቪው በፊት ባለው ቀን ሼህ አወል ቤቴ መጡ። እዚህ ያሉት የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ማኅበር ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ያስታረቁበት ዘመን ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልጠጡትም።

«ልጄ፣ እኛ እዚህ አገር እንግዶች ነን» አሉኝ። «የአንዱ ነውር የሁላችን ነውር ነው። ሸምሱ ጥፋቱን አምኗል፣ ቁርዓን ይዞ ይምላል። አባትሽን በገዛ እጁ ያጠበ ሰው ነው። አንቺም ሰትሪው።»

ሰትሪው ማለታቸው ነውሩን ሸፍኚለት ማለታቸው ነው። የሰውን ነውር መሸፈን ትልቅ ምንዳ ያለው ነገር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እንቢ አላልኳቸውም። እሺም አላልኳቸውም። አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆውን አነሳሁ፤ እሳቸውም መልሱን ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ኒማ ቢሮ ተቀመጥን። መዲና መናገር ጀመረች። ስለ ዱላው ተናገረች፣ ተረጎምኩ። ስለ ቅናቱ ተናገረች፣ ተረጎምኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደኔ ዞረች።

«አንገቴን ይዞ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ሂቦ እህቴ። ‹ብገድልሽ የማጥብሽ እኔው ነኝ። ባል ሚስቱን ማጠብ ይችላል። ገላሽን ማንም ሳያየው ከፍኜ እቀብርሻለሁ፤ ሀያትንም አጠገብሽ አስተኛታለሁ› አለኝ። ወላሂ እንዲሁ ነው ያለኝ። ይህን ንገሪልኝ።»

ንገሪልኝ አለችኝ። እኔ አልተናገርኩም። አባቴ ታየኝ፣ የሸምሱ እጆች ታዩኝ፣ የእናቴ ዱዓ ታወሰኝ። ያን ሁሉ ቃል ዋጥኩና በሶማልኛ «በጣም እንደተቀየመችው ትናገራለች፣ ሲቆጣም ትፈራዋለች» አልኩ። ኒማ ጎበዝ ሴት ናት፣ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። እገድልሻለሁ ብሏት ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። በግልጽ፣ ፊት ለፊት ጠየቀች። ጥያቄውን ወደ አማርኛ አልመለስኩትም። ወደ መዲና ዞሬ «ሌላ የምትጨምሪው አለ?» አልኳት።

«ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?» አለች።

እኔም ወደ ኒማ ዞሬ «ማያ» አልኩ። በሶማልኛ የለም ማለት ነው። ማያ። ኒማ ጻፈችው። እኔ አልኩት፣ እሷ ጻፈችው፣ ከሥሩም እንደ አስተርጓሚነቴ ፈረምኩበት። ፈርቼ ነው? ማን ያስፈራኛል፣ እኔ አገሬ ላይ ነኝ። ውለታ ይዞኝ ነው? ውለታው የኔ ነበር፤ በመዲና አንገት የመክፈል መብት ማን ሰጠኝ? ይሉኝታ ነው ልበል? ይሉኝታ የሰው ፊት መፍራት ነው፤ የሷም ፊት እኮ የሰው ፊት ነበር። ነውር ሸፈንኩ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። የሸፈንኩት ነውር ሳይሆን ሊመጣ ያለ ግድያ ነበር፤ እያወቅሁ ነው የሸፈንኩት።

ሽምግልናው በዚያው ሳምንት ሆነ። ሸምሱ ቁርዓን ላይ እጁን ጭኖ አለቀሰ። የሱን ቃል አንድም ሳላስቀር፣ ሲቃውን ሳይቀር አሳምሬ ለኒማ ተረጎምኩላት። የሚገርመው፣ ያን ቀን ሶማልኛዬ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። መዲናን ለሁለተኛው ቤት እንዳልተመረጠች ስነግራት የሀያትን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር፤ ጣቶቿ ለጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ቀጠሉ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። ማንም አልደወለልኝም ነበር።

ወደ ሸምሱ በተመለሰች በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶች ቆርቆሮውን ገንጥለው አወጧት። ነፍሷ አልወጣችም፤ የተረፈችው በነሱ እንጂ በኔ አይደለም። ቀኝ ዓይኗ ጠፋ። ሀያት በእናቷና በሱ መሀል ገብታ ክንዷ ተሰበረ። ሸምሱ በወጃሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ጠፋ ተባለ። ሼህ አወልን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ» አሉኝ። ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ በማን ላይ ነው የምጮኸው?

እስካሁን የነገርኳችሁ በደል ትንሹ ነው። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የሠራሁት ነው።

ኒማ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ክፍል አስለቅቃ፣ እኔን ይዛ መጣች። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። ምን ሳልጠይቃት ቀረሁ፣ ምን አጠፋሁ እያለች በመንገድ ሁሉ ራሷን ትረግም ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ እኔ፣ እጇን ይዤ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» እያልኩ አጽናናት ነበር። መዲና አልጋ ላይ ነበረች፣ ግማሽ ፊቷ ታሽጓል። ሀያት በደህናው እጇ የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ይዛ ተቀምጣለች። ኒማ፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው፣ ዓመት ትቀመጣለች፣ ማንም አይነካትም በያት አለችኝ። ይህን በትክክል ተረጎምኩ።

መዲና በአንድ ዓይኗ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ያን ቀን፣ ስለ እጥበቱ ያልኩሽን ነግረሻቸው ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መዳን ይቻል ነበር። አልነገርኳቸውም፣ ዋጥኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብል ኖሮ ትጠላኝ ነበር፣ ትረግመኝ ነበር፣ ግን ከኒማ ጋር ትሄድ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

ቀስ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። «እንግዲያ ሰምተው ነው የሰደዱኝ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኒማ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ደክሟታል አልኳት።

መዲና ወደ ቤቱ አልመጣችም። ኒማ ሦስት ቀን ተመላለሰች፣ ልብስ አመጣች፣ ለሀያት መጫወቻ አመጣች። መዲና አንገቷን ብቻ ትወዘውዝ ነበር። ሰምተው ልትገደል ወደምትችልበት የሰደዷትን ሰዎች ማን ያምናል? እኔም አላምንም ነበር። በአራተኛው ቀን አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ዳሚ ሰፈር ውስጥ ልጅ የያዘች አንድ ዓይና ሴት ታየች ሲሉ ሄድኩ፤ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ የለችም። በርበራ ወርዳለች አሉ፣ ሄድኩ። ባሕር ተሻግራለች የሚልም አለ። ፎቶ የለኝም፤ ሰው ስጠይቅ አንድ ዓይና እያልኩ ነው የምጠይቀው፤ ያን መለያ የሰጠኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ሴቶቹ ሲያስሉ እንኳ ልተርጉም የምል ሆኛለሁ፤ ኒማ በሰው ፊት ታመሰግነኛለች። ልነግራት ብዬ ቢሮዋ ገብቼ ውኃው አልቋል ብዬ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ጽፌ ስጨርስ በሶማልኛ አነብላታለሁ ብያለሁ። አደርገዋለሁ ብዬ አልምልም፤ ራሴን አላምነውም፣ እናንተም አትመኑኝ።

አላህ ይማርሽ አትበሉኝ። አውፍ በይኝም አልልም፤ መጀመሪያ እሷ እውነቱን ማወቅ አለባት። አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ሀያት የምትባል ልጅ ያላት የኮምቦልቻ ሴት የምታውቁ ከሆነ ይህን ብቻ አንብቡላት። መዲና፣ ዋሽቼሻለሁ። ኒማ ሰምታ አልሰደደችሽም። ሰምታ ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ልጅሽን አቅፋ ራሷ ትወስድሽ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁሽ እኔ ብቻ ነበርኩ።