ጣና የነጠቀኝ የሽንት ጨርቅ

በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ተኝታ ሳለች፣ የሚያርሷት እናቷ ለለቅሶ ዱርቤቴ ከተማ ሄዱና የሽንት ጨርቅ ማጠቡ ለእኔ ቀረ። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ግራሶ ተለውሼ የምውል ሰው፣ የገዛ ልጄ ካካ አቅለሸለሸኝ። ጨርቁን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ፣ ፊቴን አዙሬ ጣና ዳር ወረድሁ።

ውኃው ውስጥ በእንጨቱ ሳማስለው ማዕበሉ ነጠቀኝ። ጨርቁ ከባለቤቴ ነጠላ የተቀደደ ነበር፤ ሌላ ከየት ይመጣል? እየተራገምሁ ከነሱሪዬ ገባሁና በሁለት እጄ አፈፍ አደረግሁት። አንዴ ከጨበጥሁት ወዲያማ ምን ቀረኝ። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ ነበርና በእንዶድ አሸሁት፤ ነጣ።

በመንገዱ በኩል አጥሩ ላይ ሳሰጣው ባለቤቴ ከውስጥ፣ «ኧረ የሰፈሩ ወንዶች ያዩሃል፣ በጓሮ አድርገው» አለችኝ።

«ይዩታ፤ ከእነሱ ቤት እንዲህ የነጣ ካለ ያምጡ» አልኋት።