መብራት የሚረጨው ሳጥን

የወንድሜ ልጅ ሀያት፣ ሥዕል የምሥልበትና ጌም የምጫወትበት ዴስክቶፕ ካልተገዛልኝ ብላ ቤቱን አመሰችው። እኔ አክስቷ የዘንድሮን ኦቾሎኒ ሸጬ፣ ብሩን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ፣ አሶሳ አንድ ሱቅ ይዣት ገባሁ።

ሻጩ ፀጉሩን በቅባት አብርቶ፣ ቀይ ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ሳጥን ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል። አጠገቡ ያለው ስክሪን ላይ የጌም መኪና ይከንፋል።

«ማዘር፣ ይሄን መኪና የሚያስሮጠው ይሄ ሳጥን ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ጉልበቱ ግን አውሬ!» አለኝ።

ሀያት ዓይኗ ፈጠጠ። «አክስቴ፣ በአላህ ይሄን!»

ወይ አውሬ! እኔ ዶሮ እንኳ በእጄ ሳላነሳ ገዝቼ አላውቅም። ሥጋን ከላባ የሚለየው ክንድ ነው። እጄን ሰደድኩ።

«ኧረ ማዘር አይነካም! ቴክኖሎጂ እኮ ነው!»

«ቴክኖሎጂ ክብደት የለውም እንዴ፣ አንተ?» ብዬ ብድግ ሳደርገው እንደ ባዶ ጆንያ ቀለለኝ። ከኋላው የተሰካው ገመድ ሁሉ ተመዘዘ፤ መብራቱም ድርግም አለ።

ሻጩ ጮኸ። ሀያት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳጥኑን እንዳቀፍኩ ዞር ብዬ ስክሪኑን ባየው፣ መኪናው አሁንም ይከንፋል!