እትዬ ብርሃኔ ያልገደሏቸው ተክሎች

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ባሌ እንኳ የሚሰማው ዛሬ፣ እዚህ ከተሰበሰባችሁት ከእናንተ ጋር ነው።

እትዬ ብርሃኔ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። ካንሰር ሲይዛቸው ኦሮራ ከተማ፣ እኛ ቤት መጡ። የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞው፣ ያስመልሳቸው ነበር፤ ውሃ እንኳ አይረጋላቸውም። ሐኪማቸው ለማሪዋና ወረቀት ጻፉላቸው፣ የስቴቱ የፈቃድ ካርድ መጣ፣ ባሌም ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ተክሉን የሚያሳድጉበት አንድ ክፍል አዘጋጀላቸው። ሕጉን እንደ እሳቸው የሚያከብር አላየሁም። የተፈቀደው ስድስት ተክል ነው፣ በአንድ ጊዜ ማበብ የሚችለው ደግሞ ሦስቱ ብቻ፤ እሳቸው ሰባተኛ ዘር መሬት አያስነኩም። ልጆች ስላሉን በሩ ሁልጊዜ ይቆለፋል። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ እኔ ጋ ነበር፤ ሲደክማቸው ውሃ የማጠጣው እኔ ነኛ። አምነውኝ።

እኔ ግን አፍር ነበር። ሕጋዊ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሐሙስ የጸሎት ቡድኔ እኛ ቤት ሊመጣ ነው፤ አንዷ ደረጃው ላይ ቆማ «ምንድነው የሚሸተው?» ብትለኝስ? ሮብ ጠዋት፣ እሳቸው ኬሞ ላይ ሳሉ፣ ማጠጫው ውስጥ በረኪና ጨመርኩ። ስድስቱንም አጠጣሁ። እኔ፣ በገዛ እጄ። ሐሙስ የመጡት ሰዎች ደግሞ ስለ ሽታ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። እትዬ ብርሃኔ «ውሃ አብዝቼ ገደልኳቸው፤ እጄ አይረባም» አሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ይሉ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። ከሱቅ የሚገዛው ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ አዲሱ ተክል እስኪደርስ ወራት ፈጀ። በነዚያ ወራት ሲያስመልሳቸው ባልዲውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ጀርባቸውን እያሻሸሁ «አይዞዎት» እላቸው ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው? ለጌታ ብዬ ነው ልበል? ጌታ በረኪና አላከኝም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።

ተሻላቸው፣ ተመስገን። ባለፈው ወር ከምርመራ ስንመለስ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ስለማይረባው እጃቸው እየሳቁ ያወሩኝ ጀመር። መንዳት አቃተኝ። አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በረኪና?» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «ተክሉስ ተክል ነው። ራሴን ስወቅስ ግን እንዴት ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ይቅር ይበልሽ፤ እኔም ብያለሁ። በይ ንጂ፣ ርቦኛል» አሉኝ።

እስከ ቤት ድረስ አየር እንደ ልቤ እየሳብኩ ነዳሁ። ቀሎኛል፣ በጣም ቀሎኛል። እናንተን ምሕረት አልለምንም፤ እሱን መስጠት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፣ ሰጥተውኛል። ለነዚያ ወራት ግን ሰበብ የለኝም፣ አልፈልግለትምም።