የወጌሻው ክርና አልጀብራ

ይህን የምጽፈው አባቴን «አላዋቂ» የሚሉ ሰዎች እንዲያነቡት ነው። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከቆመች ሴት ዘንቢል የለጋ ቅቤ ሽታ ሽው ሲለኝ፣ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ የነበረው ቤታችን ከነአግዳሚ ወንበሩ ፊቴ ተደቀነ።

አባቴ ወጌሻ ነበር። ክረምት ገብቶ የሰፈራችን ዳገት ማንሸራተት ሲጀምር፣ የወደቁ ሰዎች ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ይመጡ ነበር። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ የወጣበትን ሰው ሳይነካ ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ሌላውን ግን በቅቤ አሽቶ፣ አስቀድሞ ጤነኛውን ክንድ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ በጥቁር ክር ለክቶ፣ የተሰበረውን ከልኩ እስኪደርስ ስቦ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ያስር ነበር። የክሩን ጫፍ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። «ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አልጨረስንም» ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ስገባ አልጀብራ ጀመርን። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ከእኩልታው አንድ ወገን የቀነስኩትን ከሌላው ሳልቀንስ ስቀር፣ መምህራችን «ምን ይደረግ፣ የወጌሻ ልጅ አጣሞ ገጠመው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩን መያዝ ተውኩ፤ አባቴም ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይለካ ጀመር።

በጋው ሲጋመስ፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጬ የቃሉን ምንጭ አገኘሁ። አልጀብራ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የተሰበረውን ወደ ቦታው መመለስ፣ የጎደለውን መሙላት ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም ቃሉ ቀድሞ ያገለግል የነበረው ለአጥንት ጥገና ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ይህንኑ አነበብኩ።

«እና አባትህ የሂሳብ ሊቅ ነው ልትለን ነው?» አሉ መምህሩ።

«አይደለም፣ ቲቸር። ሂሳቡ ግን ስሙን የወሰደው ከእሱ ሙያ ነው።»

ተንበርክኬ ዋልኩ፤ ቃሌን ግን አላነሳሁም። ቤት ስደርስ አባቴ የአንዲት ሴት ክንድ ይዞ ነበር። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት።

«ስሙን ተወውና ናማ፣ ክሩን ያዝልኝ» አለ። «ጥርሴ አልቋል።»

ያዝኩለት።

ዛሬ እኔም አልጀብራ አስተምራለሁ። ያኔ እኩልታን በጣቶቼ መካከል ተወጥሮ አውቀው ነበር፤ ዛሬ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። ማንንም ተማሪ በአባቱ ሙያ አልጠራም። አባቴ ዐርፏል፤ ሙያውን ከእሱ የተማረ የለም፤ እኔም አልተማርኩም። ቤታችን በነበረበት ቦታ ላይ አሁን መንገድ ያልፋል። የጠፋው ይህ ነው፦ አንድ ቤት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አሥራ ሁለት የቀርከሃ ስንጣሪ፣ አንድ ጥቁር ክር፣ ሁለት እጅ።